ሰባተኛዋ ባቄላ

ባቄላዎቹ ስድስት ነበሩ።

አልጣሽ ሰፌዱን ወደ በሩ ብርሃን አዘነበለችና እንደገና ቆጠረቻቸው። በግራ በኩል፣ በራሷ ወገን፣ ሰባት። በቀኝ በኩል፣ በሙሽራው በስማዶቹ ወገን፣ ስድስት። በጣቷ አንድ በአንድ እየገፋች ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች፤ ያው ስድስት። ሰፌዱ የተሸፈነበትን ነጠላ አራገፈች፤ መደቡን ጠረገች፤ የጎታውን ሥር በእጇ ዳበሰች። ደጃፉ ላይ የቆመችውን ዶሮ እንኳ በክፉ ዓይን አየቻት። ነገር ግን ሰፌዱ ሦስቱንም ቀን ከጎታው አናት ላይ፣ እንደ ተሸፈነ፣ ማንም ሳይነካው ነው የቆየው።

በእነ አልጣሽ ቀዬ፣ በታች ጋይንት፣ ጋብቻ ሲታሰር ሁለቱም ወገን ሰባት ሰባት ቤት ይቆጥራል። የወንዱ ሽማግሌ የአንድ አባት ስም በጠራ ቁጥር ሰፌዱ ላይ አንድ ባቄላ ያኖራል፤ የሴቷም ሽማግሌ እንደዚሁ። ከሰባቱ ስም አንዱ እንኳ በሁለቱም በኩል ካልተጠራ ደም አልተነካካምና ልጆቹ ይጋባሉ። ባቄላው ሦስት ቀን ተሸፍኖ ይቆይና እናት ንፍሮ ቀቅላ ለሙሽራዪቱ ታበላታለች። አልጣሽም ድስቱን ጥዳ፣ ውሃው ሊፈላ ሲል ነበር ሰፌዱን ያወረደችው።

ዘመኑ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው። ማጫው ተሰጥቷል። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል። የስማዳ ሽማግሌዎች መርቀው ሄደዋል።

አሁን ሁሉም ትዝ አላት። ከሙሽራው ወገን የሚቆጥሩት ሽማግሌ አያ ጥሩነህ ነበሩ። «ሙላው» ብለው ስድስተኛዋን ባቄላ አኖሩና ዝም አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ጊዜ ጠላው ገባ፤ ከታች ጋይንቶቹ አንዱ «እሰይ፣ ሞላ» አለ፤ ሰው ሁሉ ዋንጫ አነሣ። አልጣሽም ከጓዳ በር ላይ ቆማ «እሰይ» ብላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥታ በር የምታይ ሴት፣ የጎረቤት ውሻ ባስነጠሰ ቁጥር ቸነፈር መጣ የምትል ሴት፣ ያን ቀን ሳትቆጥር እሰይ አለች።

«እማ፣ ንፍሮው ደረሰ?» አለች ቦጋለች ከደጅ፤ ልጇ ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው።

«እንጨቱ እርጥብ ነው» አለች አልጣሽ፤ ድስቱንም አወረደች።

ማታ ወንድሟ ጓዴ ከአውድማ ሲመለስ፣ ጭዱን ከራሱ ላይ ሳያራግፍ ሰፌዱን አሳየችው። ጓዴ አየና ሳቀ።

«ዶሮ በልታዋለች ብንልስ፣ እታለም?»

«ዶሮ ባቄላ በላች ተብሎ ሰው አንድ አባት ይጎድለዋል?»

«እሳቸውም አርጅተዋል፤ ረስተው ይሆናል።»

«ስድስቱን ያላንዳች መሰናከል ጠርተው ሰባተኛው ሲሆን ረሱ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰባተኛው የእኛ ሰው ቢሆንስ? ልጆቹ ወንድምና እህት ቢሆኑስ? ቄሱ አይባርካቸውም። የሚወለደው ደንቆሮ ይሆናል፤ ወይም ዓይነ ስውር። እኔ ስሞት ማን ይቀብረኛል?»

«ገና ሳትድሪ ተቀበርሽ?»

«ጫን፤» አለችው። «ነገ በቅሎዋን ጫን። ስማዶቹ ዘንድ፣ ወገዳ፣ እንወርዳለን።»

ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። አልጣሽ በበቅሎዋ ላይ፣ ጓዴ በእግሩ፣ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃውን በትከሻው እንዳጋደመ። ስድስቱን ባቄላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራቸዋለች። ቁልቁለቱ ላይ በቅሎዋ በረገጠች ቁጥር ቋጠሮዋን ትዳብሳለች፤ ከወደቁ ማስረጃው ወደቀ። ነገሩን ግልጽ አድርጋ ለራሷ አስቀምጣለች፤ ሰባተኛው ስም ተጠርቶ ንጹሕ ከሆነ ሠርጉ ይሆናል። ካልሆነ ማጫው ይመለሳል። ማጫዋ የተመለሰባትን ልጅ ደግሞ በታች ጋይንት ማን እንደሚያገባት አልጣሽ ታውቃለች፤ ሦስት ሚስት የቀበረ ሽማግሌ ነው።

ወገዳ አጠገብ ካለው የባላምባራስ ደምሌ ግቢ የደረሱት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ባላምባራስ ደምሌ የሙሽራው አባት ነው፤ ረጅም፣ ጢሙን የሚወድ፣ ጋሻው ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ሁሌም የተወለወለ። ሚስቱ ወይዘሮ ንግስት የእንግዶቹን እግር አሳጠበች፤ ልጃቸው ማሩ ውሃውን አፈሰሰ። አልጣሽ ማሩን አየችው። ጥሩ ልጅ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያፈስስ።

የጾም ወጥ ቀርቦ ጥቂት እንደ ቀመሱ ባላምባራስ ፈገግ አለ።

«በደህና ነው፣ እመት አልጣሽ? የሙሽሪት እናት ከሠርግ በፊት የአማች ደጅ ስትረግጥ አላየሁም። ወይስ ልጄን ቀድመው ሊወስዱብኝ መጡ?»

አልጣሽ ቋጠሮዋን ፈታች። ባቄላዎቹን ከፊቱ በተራ አኖረቻቸው።

«እነዚህ የእርስዎ አባቶች ናቸው፣ ባላምባራስ። አንድ ጎድሏል።»

ባላምባራስ ቆጠረ፤ ከዚያ ሳቁን ለቀቀው።

«ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ገደል የወረዱት? ሰባተኛው ማን ይጠፋዋል! ሙላው ወልደ ሩፋኤል። የእስቴው ወልደ ሩፋኤል። ሰው የሙላው ልጆች እያለ ስለሚጠራን ነው እንጂ እኛስ የእሱ ዘር ነን። አባቴ ወንዝ ዳር ያለችውን መሬት ከእስቴዎች ተሟግቶ የረታው በማን ስም ሆነና።»

ጓዴ ጉርሻውን ወደ አፉ ሳያደርስ መለሰው። አልጣሽ ደግሞ ግራ ተጋባች፤ የፈራችው ነገር እንዲህ በቀጥታ መጣ። ክፉ ነገር በጠበቀችው መንገድ ሲመጣባት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«የእኛም ሰባተኛ ወልደ ሩፋኤል ነው» አለች። «የእስቴው። ሴት ልጁ ጋይንት ተዳረች። እኛ ከእሷ ነን። በዚያ ቀን ሽማግሌያችን ጮክ ብለው ነበር የጠሩት፤ እርስዎ አልሰሙም?»

«የእርስዎን ወገን ሲቆጥሩ ከበቅሎዎቹ ዘንድ ነበርሁ» አለ ባላምባራስ። ፊቱ ላይ ያለው ሳቅ መሄጃ አጥቶ ቆመ።

ወይዘሮ ንግስት የያዘችውን ማሰሮ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ማሩ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ወጣ።

ከመደቡ ጥግ፣ በጋቢ ከተጠቀለለ ነገር ውስጥ፣ ድምፅ መጣ።

«እኔ ወልደ ሩፋኤል አላልሁም።»

አያ ጥሩነህ ነበሩ፤ የባላምባራስ አጎት። ተኝተዋል ብለው ሁሉም ረስተዋቸዋል።

«አያ፣ ይተዉ እንግዲህ» አለ ባላምባራስ። «ያልጠሩት ረስተው ነው።»

«ምን ብዬ እረሳለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ያረስሁበትን በሬ ስም ልንገርህ?» ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ። «አያቴ አንድ ነገር አስይዞኛል። ሸንጎ ላይ የፈለጋችሁትን በሉ፤ በእግዚአብሔር ፊት ስትምሉ ግን ከሙላው በላይ አትውጡ ብሎኛል። ለምን ብዬ ብጠይቀው ኩርኩም አቀመሰኝ። እና ልጅ ለመዳር አባት የሚቆጠረው በማን ፊት ነው? ዝም አልሁ። ሰው ሲጠይቀኝ እነግራለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ እናንተ ጠላ አነሣችሁ።»

«ከሙላው በላይ ምን አለ ታዲያ፣ አባቴ?» አለች አልጣሽ።

«እኔ አላውቅም፣ ልጄ። የሚያውቀው እስቴ ነው። ወልደ ሩፋኤል የተነሣው ከዚያ ነው፤ ያስጻፈውም ነገር ካለ እዚያው ሩፋኤል ደብር ወንጌሉ ላይ ነው።»

በማግስቱ ባላምባራስ ደምሌ ራሱ በቅሎ አስጫነ። ሦስት ሆነው ወደ እስቴ አቀኑ። እሱ ከፊት፣ በርኖሱን ደርቦ፣ ብዙ ሳይናገር፤ ሁለቱ ከኋላ።

መንገዱ አንድ ቀን ተኩል ይወስዳል። አልጣሽ ከቀዬዋ ይህን ያህል ርቃ አታውቅም፤ ነገር ግን በደረሱበት ሁሉ ያ ስም ቀድሟቸው ይጠብቃል። ወንዝ መሻገሪያው ላይ በቅሎዎቹን ያሻገራቸው ሰው የወልደ ሩፋኤል ዘር ነኝ አለ። አውድማ ላይ ገብስ የሚያበራይ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ፣ ከየት መጣችሁ ብሎ፣ አባት ቆጠረላቸው፤ አምስተኛው ወልደ ሩፋኤል ነው። ያሳደሯቸው ባልቴት በእናታቸው በኩል የወልደ ሩፋኤል፣ በአባታቸው በኩል ደግሞ ወልደ ሩፋኤልን የከሰሰው ሰው ዘር ነበሩ። አንዱ ፈረሰኛ ነበር አለ፤ አንዱ መነኩሴ፤ ባልቴቲቱ ደግሞ ከጎንደር የመጣ ነጭ ፈረስ የነበረው ቆንጆ ሰው።

«ይህ ሰውዬ እንቅልፍ የሚባል አልነበረውም?» አለ ጓዴ።

«አፍህን ያዝ፤ አባትህ ነው።»

«አባቴማ ነው። የእሱም አባት ነው፤ የዚያም፤ የበሬዎቹም ሳይሆን አይቀርም።»

ባላምባራስ ከፊት ሆኖ ትከሻው ተነቀነቀ። ሳይስቅ አልቀረም። አልጣሽ ግን ልቧ ከድንጋይ ከበደ። የሁሉም አባት ከሆነ የቦጋለችና የማሩም ነው።

የሩፋኤል ደብር በጥድ ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። መጻሕፍቱን የሚጠብቁት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ባላምባራስ ስሙንና የመጣበትን ነገረ። አልጣሽም ባቄላዎቹን አሳየች። መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ።

«የሙላው ልጅ ነህ?» አሉት።

«ከሙላው ዘር ነኝ፣ መሪጌታ።»

«አባትህን አውቀዋለሁ። ወንዝ ዳሯን መሬት የረታው ከአባቴ ነው።» ያለ ቂም ነበር የተናገሩት፤ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው። «ተቀመጡ፤ አመጣዋለሁ።»

ዕቃ ቤቱን ከፍተው፣ በቆዳ ማኅደር ያለ ትልቅ ወንጌል ታቅፈው ወጡ። ከጥዱ ሥር በነጭ ጨርቅ ላይ አኖሩት። ተሳለሙት። ከዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ፣ ባዶ የነበረ ገጽ ላይ፣ በጠቆረ ቀለም የተጻፈ ነገር ነበር። መሪጌታ በጣታቸው ሳይነኩ እየተከተሉ አነበቡ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። እኔ ወልደ ሩፋኤል በንጉሣችን በኢያሱ ዘመን ይህን አስጻፍሁ። ልጆቼ ሦስት ናቸው። የበኩሩ በእስቴ ከእኔ ጋር ይቀመጣል። ሴቲቱ ጋይንት ተድራለች። ሙላው ስማዳ ወርዶ ዱር መንጥሯል። ሙላውን ያገኘሁት እንዲህ ነው። የሲራራ ነጋዴው ጁነይዲ ጨው ጭኖ ሲያልፍ በደጄ ታሞ ሞተ። የሦስት ዓመት ልጁ ከበቅሎዎቹ ጋር ቀረ። የሚፈልገው ዘመድ አንድ ዓመት ጠብቄ አጣሁ። እኔም አውራ ጣቴን ማር ነክሬ፣ ሽማግሌ ባለበት ልጁን አጠባሁት፤ የጡት ልጄ አደረግሁት፤ ክርስትና አስነሣሁት፤ ሙላው አልሁት። ከእኔ ጋር በልቷል፤ ከእኔ ጋር አርሷል። ይህን የሰረቀ፣ የፋቀ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን።»



ነገሩ ቀድሞ የገባት አልጣሽ ናት። ደም አልተነካካም። ቦጋለች ከወልደ ሩፋኤል ሆድ፣ ማሩ ከጁነይዲ። ደስታው እስከ ጉሮሮዋ መጣና እዚያው ቆመ፤ እሷ ደስታን እንዲህ በቀላሉ የምታሳልፍ ሰው አይደለችም።

«ጡቱስ፣ አባቴ?» አለች። «ጡት አያዛምድም?»

«ያዛምዳል» አሉ መሪጌታ። «አባትና ልጅ ያደርጋል። ሰባት ድረስ የሚቆጠረው ግን ደም ነው። ልጆቹ ይጋባሉ።» ከዚያ ወደ ባላምባራስ ዞሩ። «ግን በሽማግሌ ፊት፣ በመሐላ፣ ሰባተኛው ስም መጠራት አለበት። ወልደ ሩፋኤል ካልህ ጋብቻው ይፈርሳል። ጁነይዲ ካልህ ይጸናል።»

ባላምባራስ ደምሌ ወንጌሉን ነበር የሚያየው። እጁ ጢሙ ላይ ሄዶ ምንም ሳያደርግ ተመለሰ።

«ይህ መጽሐፍ አባቴ ሲሟገት የት ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ዋሻ ውስጥ። ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የአገሩ መጽሐፍ ሁሉ ዋሻ ገብቶ ነበር። ይህኛው ሲወጣ ሙግቱ አልቆ፣ አባትህ ምሎ፣ አባቴም ሞቶ ነበር።»

«ከዚያስ? እርስዎ አንብበውታል። ለምን ዝም አሉ?»

«ጠያቂ አልመጣማ።» መሪጌታ ወንጌሉን ቀስ ብለው ከደኑ። «እኔ ዛሬም ዝም ማለት እችላለሁ። ነገር ግን አንተ በሽማግሌ ፊት ከተናገርህ በሳምንቱ እስቴ ይደርሳል። ወንድሞቼ ስለዚያች መሬት ዝም አይሉም። አልዋሽህም።»

«መሬት ብቻ መሰለዎት» አለ ባላምባራስ። «እኔ የወልደ ሩፋኤል ልጅ ነኝ እያልሁ ነው ያደግሁት። በልጅነቴ ስወድቅ እንኳ በእሱ ስም ነው የምነሣው።»

ጓዴ ተነሥቶ የበቅሎዋን መጫኛ አጠበቀ።

አልጣሽ እግሩ ላይ መውደቅ አማራት። አልወደቀችም። ይልቅስ ቀስ ብላ፣ ለባለዕዳ ሳይሆን ለዘመድ በሚነገርበት ድምፅ፣ «ለመጪው እሑድ ሽማግሌዎቹን እንደገና አስቀምጣለሁ፣ ባላምባራስ» አለችው። «ሰፌዱንም አወጣለሁ። ከመጡ መጡ። ካልመጡም ማጫውን በማግስቱ እልካለሁ፤ ያየሁትን ግን ከአፌ አላወጣም። እሱ የእርስዎ ነው።»

ባላምባራስ ራሱን ነቀነቀ። እሺም እምቢም አላለም። በቅሎው ላይ ወጥቶ ብቻውን፣ በወገዳ መንገድ፣ ሄደ።

እስከ እሑድ ድረስ አልጣሽ ሁሉንም አሰበችው። ባላምባራስን በቅሎው ጥላው ገደል ገብቷል። ወይዘሮ ንግስት ከልክላዋለች። አያ ጥሩነህ ሞተዋል፤ ለቅሶ ላይ ናቸው። ማሩ ሌላ ሊያገባ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጋይንት ሽማግሌዎች መጥተው ተቀመጡ፤ ለምን እንደተጠሩ «የቆጠራው ነገር እንዲታደስ» ብላ ብቻ ነው የነገረቻቸው። ሰፌዱን ከመካከላቸው አኖረች። ሰባት በግራ። ስድስት በቀኝ።

ቀትር ሆነ። ቀትር አለፈ። ሽማግሌዎቹ ስለ ምርቱ አወሩ፤ ስለ ንፋስ መውጫ ምስለኔ አወሩ፤ አንዱ አንቀላፋ።

ጓዳ ውስጥ ቦጋለች ጌሾ ትወቅጣለች። አልጣሽ ገብታ ከጎኗ ቁጢጥ አለች።

«አይመጡም» አለቻት። ከሁሉ በፊት ልጇ እንድታውቀው ብላ።

ቦጋለች መውቀጧን አላቆመችም። «እኔ ስድስት መሆኑን በዚያው ቀን ነው ያየሁት፣ እማ። ሲሄዱ ሰፌዱን ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

«አይተሽ ነው ዝም ያልሽ?»

«አንቺ ካየሽ ጋብቻውን ታፈርሺዋለሽ ብዬ።»

አልጣሽ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ልጇን አየቻት። ቦጋለች ዓይኗን ከሙቀጫው አላነሣችም። የዚህች ልጅ ዝምታ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባት፤ የእናቷን ስጋት ለመሸሽ የተማረችው ነው። አፏን ዘጋች።

ከደጅ ውሻው ጮኸ።

ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። አያ ጥሩነህ በበቅሎ፣ ባላምባራስ ደምሌ ደግሞ በእግሩ፣ የአጎቱን በቅሎ ልጓም ይዞ ይመጣ ነበር። ከኋላቸው ማሩ። ባላምባራስ ጋሻ አልያዘም። በርኖሱም የለም፤ እንደ ማንኛውም ገበሬ ጋቢ ነው የለበሰው።

ገብቶ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሣ። የቀረበለትን መቀመጫ አልተቀበለም። ከሰፌዱ ፊት በጉልበቱ ተቀመጠ፤ ከእጁ መዳፍ አንዲት ባቄላ ወጣች። ከወገዳ ነው ይዟት የመጣው።

«ባለፈው ቆጠራችን አልሞላም ነበር» አለ። «ሽማግሌያችን አልዋሹም፤ ቆሙ እንጂ። እኛ ሳንጠይቅ ነው የጠጣነው። ዛሬ በእግዚአብሔር ፊት የጎደለውን ልሙላ።» ወደ ማሩ አላየም። «ሙላውን ወልደ ሩፋኤል አሳደገው፤ በማር አጠባው፤ ስሙንም ሰጠው። የወለደው ግን ሲራራ ነጋዴ ነው። ጁነይዲ ይባላል።»

ባቄላዋን አኖራት። ከስድስቱ ጥቂት ራቅ አድርጎ አኑሯት ነበር፤ ከዚያ በጣቱ ገፍቶ ከተርታው አስገባት።

አንዱ ሽማግሌ «እስላም?» አለ በሹክሹክታ፤ ለማንም አልነበረም።

«እስላም» አለ ባላምባራስ። «ጨው ነጋዴ። እዚሁ በእናንተ አርብ ገበያ ሳያልፍ አልቀረም።»

አልጣሽ የጓዳውን ምሰሶ ጨብጣ ቆማለች። አሁን ይነሣሉ። አሁን ጋቢያቸውን አራግፈው ይወጣሉ።

ጓዴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ» አለ፣ «እኔስ የማስበው ሌላ ነው። ለሠርጉ ሦስት አሞሌ ጨው ያስፈልገን ነበር። ጨው ሻጯ ፋጤ አርብ ገበያ ላይ እንደ ባዳ ስታስከፍለኝ ኖራለች። ከእንግዲህ ባላምባራስን ይዤ ነው የምሄደው፤ ለዘመድ ትቀንሳለች።»

መጀመሪያ የሳቁት አያ ጥሩነህ ናቸው፤ ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ ከሆዳቸው። ከዚያ ያንቀላፋው ሽማግሌ፣ ምን እንደተባለ ሳያውቅ። ከዚያ ሁሉም። ባላምባራስ ደምሌም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ዓይኑን በጋቢው ጫፍ አበሰ።

የጋይንት ሽማግሌዎች አለቃ ቆጠሩ። በግራ ሰባት። በቀኝ ሰባት። ስሞቹን አንድ በአንድ ጠሩ፤ አልተገናኙም። እንደገና መረቁ፤ በዚህኛው ጊዜ ዋንጫ የተነሣው ቆጠራው ካለቀ በኋላ ነው።

ስለ ወንዝ ዳሯ መሬት ማንም አላነሣም። ከሠርጉ በኋላ የመሪጌታ ወንድሞች መምጣታቸው አይቀርም፤ ባላምባራስም ያውቃል። ጠላውን እየጠጣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአልጣሽ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ግማሹን እንኳ ቢተዉልን ለነማሩ ይሆናል» አላት። እሷም «ባይተዉስ?» አላለችም። አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው።

መንገዱ ስለማያስሄድ ስማዶቹ እዚያው አደሩ። አያ ጥሩነህ መደቡ ላይ፣ ባላምባራስና ልጁ ቁርበት ላይ። አልጣሽ አሥራ አራቱን ባቄላ ቀቀለች፤ ቦጋለች ከምድጃው ዳር ተቀመጠች፤ እናቷ አንድ አንድ እያነሣች አጎረሰቻት። የመጨረሻዋን ቦጋለች በጥርሷ ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ለእናቷ መለሰችላት። የትኛዋ እንደሆነች፣ የየትኛው አባት፣ ከተቀቀሉ በኋላ አይለይም።

አልጣሽ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ደጁ ጨልሟል። ከስማዳ የሚመጣው መንገድ ባዶ ነው፤ የሚጠበቅም የለበትም። እንደ ልማዷ ጥቂት አዳመጠች። ውሻው ተኝቷል። በቅሎዎቹ ገለባ ያኝካሉ። ከውስጥ የሽማግሌው ማንኮራፋት ይሰማል።

መወርወሪያውን አንሥታ በሩን ቀረቀረችው። ሄዳ ተኛች፤ ተመልሳም አላየችውም።